የተቃጠለ ተዳፋት ግርጌ ያሉ ቤቶች፦ የመጋቢት ዝናብ ሳይገባ ምን ይደረግ? (ጅማ ዙሪያ)

ጅሬን በር
ሰላም ለሁላችሁ። በደዶ መንገድ በኩል እንዳሉት ዓይነት ቀጥ ያለ ተዳፋት አስቡ። ላዩ ባህር ዛፍ፣ መሃል መሃሉን የፈረንጅ ጥድ ነው። በየካቲት እሳት በልቶት አሁን አመድና ጥቁር ግንድ ብቻ ቀርቷል። ውሃው የሚሰበሰበው ወደ አንዲት ጠባብ ቦረቦር ነው። ቦረቦሯ ከተዳፋቱ ስትወጣ፣ መሬቱ ለጥ በሚልበት ቦታ ላይ ቤቶች አሉ። ከቤቶቹ በላይ የጠጠር መንገድ ያልፋል፤ ከሥሩ ያለው ባለ 60 ሳንቲ ሜትር የሲሚንቶ ቱቦ ነው።

ቀበሌው በዘመቻ ክትር (በቦረቦር ውስጥ ውሃና አፈር የሚገታ አጭር የድንጋይ ግድብ) ለመሥራት አስቧል። ሽማግሌዎች ደግሞ «ጎርፍ ለምዶብናል፣ ዝናቡም ያው የጅማ ዝናብ ነው» ይላሉ። ዝናብ እስኪገባ የቀረው ሳምንታት ነው። ጉልበቱ የት ቢውል ይሻላል?

ቀይ አፈር
ሽማግሌዎቹ ስለ ዝናቡ እውነት አላቸው። የተለወጠው መሬቱ ነው።

ጅማ በዓመት 1500 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ ታገኛለች፤ ቀይ አፈሯም ይህን ሁሉ ሲጠጣ ኖሯል። አፈሩ ሸክላ ቢሆንም እንደ ለውዝ ፍሬ በትናንሽ እንክብሎች የተዋቀረ ስለሆነ ውሃ በመሃሉ ይሰርጋል። ከላይ ደግሞ ቅጠሉና ብስባሹ የጠብታውን ምት ይቀበላል። እሳት ሲያልፍበት ሦስት ነገር ይሆናል። ሽፋኑ ይጠፋል። እንክብሉን አጣብቆ የያዘው ብስባሽ ይቃጠልና የመጀመሪያው ኃይለኛ ጠብታ አፈሩን ያደቀዋል፤ ደቃቁ ከአመዱ ጋር ሆኖ ቀዳዳዎቹን ይደፍናል። ሦስተኛው ሰም መሰሉ ነገር ነው፤ ከባህር ዛፍና ከጥድ ቅጠል የሚወጣው ቅባት ተንኖ ወደ ታች ይገባና ጥቂት ሳንቲ ሜትር ጠልቆ ሲቀዘቅዝ ውሃ የሚገፋ ሽፋን ይሠራል።

ሦስተኛውን ብዙ ሰው ከሚገባው በላይ ያጋንነዋል። በአሸዋማ አፈር ላይ ይብሳል፣ በእኛ ሸክላ ላይ ግን ብዙውን ጊዜ ዋናው ችግር የላዩ መደፈን ነው። ያም ሆነ ይህ መለካት ቀላል ስለሆነ ከመገመት መሞከሩ ይሻላል፦

አመዱን በእጅ ጠርገህ አፈሩ ላይ የውሃ ጠብታ አስቀምጥና በስልክህ ሰከንድ ቁጠር። በ5 ሰከንድ ውስጥ ከሰረገ ችግር የለም። እስከ አንድ ደቂቃ እንደ ዶቃ ክብ ሆኖ ከቆመ መለስተኛ ነው፤ ከደቂቃ በላይ ከቆየ ጠንካራ ነው። ከዚያ 1 ሳንቲ ሜትር እየፋቅህ እስከ 5 ሳንቲ ሜትር ድረስ ድገመው። ላዩ ጥሩ ሆኖ ታቹ የሚገፋ ሊሆን ይችላል። በተለይ የግንድ ክምር በነደደበት ቦታ ላይ እንዳትታለል፤ ከመጠን ያለፈ ሙቀት ቅባቱን ከላይ ያጠፋውና የሚገፋው ሽፋን ጠለቅ ብሎ ይገኛል። አንድ ቦታ ብቻ ሞክሮ መፍረድ አይቻልም፤ ከላይ፣ ከወገቡና ከግርጌው በርከት ያለ ቦታ ላይ ሞክር።

ቱቦና ድልድይ
ቁጥር እንጨምርበት። ወደ ቦረቦሯ ውሃ የሚሰጠው መሬት 20 ሄክታር ነው እንበል፤ በሰዓት 60 ሚሊ ሜትር በሚመጣ ፍጥነት ዘነበ (በሩብ ሰዓት 15 ሚሊ ሜትር ማለት ነው)። ሂሳቡ፦ የፈሰሰው ድርሻ × የዝናቡ ፍጥነት × ስፋቱ ÷ 360።

ጫካ ሳለ፦ 0.15 × 60 × 20 ÷ 360 = በሰከንድ 0.5 ሜትር ኩብ።
ከተቃጠለ በኋላ፦ 0.6 × 60 × 20 ÷ 360 = በሰከንድ 2 ሜትር ኩብ።

ዝናቡ ያው፣ ጎርፉ አራት እጥፍ። ይህም ንጹሕ ውሃ ከሆነ ነው። አፈርና ድንጋይ ሲጨመርበት ከ3 ሜትር ኩብ ሊያልፍ ይችላል። ባለ 60 ቱቦ አፉ ድረስ ሞልቶ የሚያሳልፈው 0.35 አካባቢ ነው፤ ከላዩ ውሃ ቢቆለልበትም 0.5ን ብዙ አይሻገርም። አንድ የተቃጠለ ግንድ አፉ ላይ ከተጋደመ ደግሞ ዜሮ ነው።

ስለዚህ የመጀመሪያ ሥራህ ይህ ይሁን፦ መንገዱ ላይ ቆመህ «ቱቦው ቢደፈን ውሃው ወዴት ይሄዳል?» ብለህ ተመልከት። ብዙ ቦታ ውሃው መንገዱን ተሻግሮ ወደ ቦረቦሩ አይመለስም፤ የመንገዱን ዳር ቦይ ይዞ ሃምሳ መቶ ሜትር ይነዳና ጎርፍ ደርሶበት የማያውቅ ግቢ ውስጥ ይገባል። መፍትሔው ሁለተኛ ቱቦ አይደለም። ቱቦው ያለበትን ቦታ የመንገዱ ዝቅተኛ ነጥብ ማድረግ ነው፤ በሁለቱም በኩል እየሰረጎደ እንዲመጣ፣ ላዩ በትልልቅ ድንጋይ እንዲደለደል፣ የታችኛው ጠርዝ እንዳይቦረቦር በድንጋይ እንዲታሰር። ለአንድ ክረምት ቱቦውን ጨርሶ አውጥቶ መሻገሪያውን ክፍት መተውም ያዋጣል። መኪና አንዳንድ ቀን ቢቆም ይቁም።

ዲኤ ሰቃ
ወንድሜ ቱቦና ድልድይ፣ መንገዱ ላይ ያልከው ልክ ነው። ግን ክትሩን አትናቁት። በአግባቡ የተሠራ የድንጋይ ክትር አፈር ይይዛል፣ የቦረቦሩን ወለል ከመቆፈር ያድናል። የሚበላሸው በአሠራር ነው፦ መሠረቱ ከ30 እስከ 50 ሳንቲ ሜትር አልተቆፈረም፣ ጎንና ጎኑ ግማሽ ሜትር ያህል ወደ ግድግዳው አልገባም፣ መሃሉ ከዳሩ ከ25 እስከ 30 ሳንቲ ሜትር ዝቅ አላለም። መሃሉ ዝቅ ካላለ ውሃው ዳሩን በልቶ ክትሩን ዞሮት ይሄዳል። ከታች ውሃው የሚወድቅበት ቦታ ድንጋይ ካልተነጠፈም ከሥሩ ይፈነቅለዋል። ቁመቱ ከ1 ሜትር ባያልፍ ጥሩ ነው፤ ርቀቱ ደግሞ የታችኛው ክትር አናት ከላይኛው ክትር እግር ጋር እኩል እንዲሆን ነው።

ቱቦና ድልድይ
ወንድም ዲኤ፣ በዚያችው ደንብህ እንሂድ። ከዳገቱ ላይ የምትወርድ ቦረቦር ወለሏ 30 በመቶ ተዳፋት ቢሆን፣ የ1 ሜትር ክትሮች በየ3 ሜትሩ ሊደረደሩ ነው። ቦረቦሯ 2 ሜትር ከሰፋች አንዱ ክትር ከኋላው የሚይዘው 3.3 ሜትር ኩብ አፈር ነው። ከ20 ሄክታር ላይ 1 ሳንቲ ሜትር አፈር ብቻ ቢታጠብ 2000 ሜትር ኩብ ይሆናል። ስድስት መቶ ክትር ማን ይሠራል?

የባሰው ሌላ ነው። ውሃ ብቻ ሲመጣ ክትርህ ይቆማል። ጭቃውና ድንጋዩ አንድ ላይ ሲመጣ ግን እያንዳንዱ ሜትር ኩብ ወደ ሁለት ቶን ይመዝናል፤ ድንጋዩ ከፊት ተሰብስቦ ነው የሚመጣው። የላይኛው ክትር ሲፈነቀል የክትሩ ድንጋይ ራሱ ጭነት ሆኖ የታችኛውን ይመታል። ለስለስ ባሉት የላይኛው ቅርንጫፎች፣ ወለሉ 10 በመቶና ከዚያ በታች በሆነበት ሥሩ፤ ከቤቶቹ በላይ ባለው ቀጥ ባለው ገመገም ላይ ግን አንድም ክትር አታኑሩ። ሰው ክትር ሲያይ ተማምኖ ይተኛል፤ እኔን የሚያስፈራኝ እሱ ነው።

ዲኤ ሰቃ
በቁጥሩ አልከራከርም። ቀጥ ያለው ላይ ይቅር። ለስላሳው ላይ ግን ዘመቻው ይቀጥላል።

ጥላ ቡና
ልጆች፣ ስለ ቦረቦር ብቻ ታወራላችሁ። ውሃው የሚነሳው ተዳፋቱ ላይ ነው፤ እዚያው ብትሸፍኑት ነው የሚሻለው።

ጉዝጓዝ። ከተቃጠለ መሬት ላይ የሚሠራ ነገር ቢኖር እሱ ነው። በሄክታር ከ22 እስከ 25 ኩንታል ደረቅ ገለባ ይበቃል፤ መሬቱ ከ60 እስከ 70 በመቶ ከተሸፈነ በቂ ነው፣ ጥቅጥቅ ካለ ግን ቡቃያ ያፍናል። ረጅም ጭራ ያለው ይመረጣል፦ የስንዴና የገብስ ገለባ፣ የጤፍ ጭድ ካልደቀቀ፣ የበቆሎ አገዳ ተሰንጥቆ። የቡና ገለፈት በየመፈልፈያው ተቆልሎ ስለሚገኝ ያጓጓል፣ ግን ቀላል ነው፤ ውሃ ላይ ተንሳፍፎ በአንድ ዝናብ ቱቦ አፍ ላይ ነው የምታገኙት። ሜዳማው ቡና ማሳ ላይ ያውሉት።

20 ሄክታር ሁሉ አይሸፈንም፤ ገለባው ከብትም ይበላዋል፣ ዋጋም አለው። ምረጡ። እሳቱ ክፉኛ የበላውንና ቀጥ ያለውን፣ ከቦረቦሩ ራስ ዙሪያ ያለውን አስቀድሙ። ቅጠሉ ከላይ ተለብልቦ ወደ ታች እየረገፈ ያለበት ቦታ ራሱን እያለበሰ ነው፣ ተዉት።

ሌላው ግንዱ ነው። የተቃጠለውን ባህር ዛፍ ቆርጦ በዳገቱ አግድም ማጋደም ይቻላል፤ ግን ሙሉ ርዝመቱ መሬት መንካት አለበት። ከሥሩ ጣት የሚያስገባ ክፍተት ካለ ውሃው እዚያ ተሰብስቦ ስንጥቅ ያበጃል፤ እንዲህ ከሆነ ሳያጋድሙት መቅረት ይሻላል። ግማሽ ውፍረቱን የሚያህል ቦይ ቆፍሮ አስቀምጦ፣ ከላይ በኩል አፈር ረግጦ፣ በችካል ማሰር። ጫፎቹ ትንሽ ወደ ላይ ይታጠፉ። በቦረቦሩ ውስጥ ግን አንድም ግንድ አይጣል። እዚያ የወደቀ ካለም ዝናብ ሳይገባ ጎትቶ ማውጣት ነው።

ጉቶውን ደግሞ ለከሰል ብለው የሚነቅሉ አሉ። የባህር ዛፍ ጉቶ ያቆጠቁጣል፣ ሥሩም በሕይወት ይቆያል፤ አፈሩን የሚይዘው እሱ ነው። የፈረንጅ ጥድ ግን አያቆጠቁጥም። ከሞተ ሥሩ ይበሰብሳል፤ ከሁለት ሦስት ዓመት በኋላ ያ ቁራጭ መሬት በዝናብ ብዛት በራሱ ሊንሸራተት ይችላል። ጥዱ የነበረበትን ከአሁኑ ምልክት አድርጉበት፣ በክረምቱ መግቢያ ዛፍ ይተከልበት።

ሰምና ቀፎ
ቬቲቨር (አፈር የሚይዘው ሣር) ለምን አልተነሳም? ጅማ ግብርና ምርምር ማዕከል፣ መልኮ ላይ ሞልቷል።

ጥላ ቡና
ጥሩ ተክል ነው፣ ለዘንድሮ ግን አይደርስም። ግንጣዩን ከ10 እስከ 15 ሳንቲ ሜትር ርቀት ደርድረህ ብትተክለው አጥር የሚሆነው አንድ ክረምት ጠጥቶ ነው። ደግሞም መጋቢት መጀመሪያ ላይ የተተከለውን ጎርፉ ራሱ ይነቅለዋል። ግንቦትና ሰኔ ላይ ትከሉት፣ ለከርሞ።

ጅሬን በር
ጋሼ ጥላ ቡና፣ እግዜር ይስጥልኝ። አሁን ስለ ቤቶቹ። ከመካከላቸው የትኞቹ አደጋ ውስጥ እንዳሉ በምን ይለያል? ሁሉም «የእኔ ከፍ ያለ ነው» ነው የሚለው።

ቀይ አፈር
መሬቱ ራሱ ይናገራል። ቦረቦር ከዳገት ወጥቶ ለጥ ሲል የሚፈጠረው እንደ ማራገቢያ የተዘረጋ ጉብታ የድሮ ጎርፍ ያራገፈው ነው። ሰው ቤት የሚሠራበትም ምክንያት አለው፣ ውሃ አይተኛበትም።

ለመጸዳጃ ወይም ለውሃ የተቆፈረ ጉድጓድ ካለ ግድግዳውን እየው። ድንጋዮቹ ክብ ክብ ሆነው በረድፍ፣ ደቃቁ ለብቻ ትልቁ ለብቻ ከተደረደሩ ውሃ ያመጣው ነው። የጭንቅላት የሚያህል ድንጋይ፣ ጠጠርና ቀይ ጭቃ ያለ ምንም ረድፍ ተዘባርቆ ካገኘኸው፣ በተለይ ድንጋዩ ከታች ሳይሆን በጭቃው መሃል ተንጠልጥሎ ከታየ፣ የጭቃና ድንጋይ ጎርፍ ከዚህ በፊት እዚያ ቤት ደርሷል። በመሃሉ ጥቁር የከሰል ስስ ሽፋን ካለበት ደግሞ ከእሳት በኋላ መሆኑ ነው።

ሁለተኛው ተዳፋቱን መለካት ነው። አሜሪካኖቹ ከእሳት በኋላ የሚነሳ የጭቃ ጎርፍ ሲተነብዩ የሚቆጥሩት ከ23 ዲግሪ በላይ ሆኖ ክፉኛ የተቃጠለውን መሬት ነው። በስልክ የማዕዘን መለኪያ ታገኘዋለህ፤ ካልሆነ 10 ሜትር አግድም ስትለካ ከ4 ሜትር በላይ ከወጣ ያው ነው። ከቤቶቹ በላይ ያለው ተፋሰስ አብዛኛው እንዲህ ከሆነ፣ በማራገቢያው ላይ ያሉ ቤቶች በሙሉ፣ ከፍ ያለም ዝቅ ያለም፣ አንድ ናቸው። ጎርፉ የራሱን ቦይ በጭቃ ሞልቶ ይወጣና በሌላ ወገን ይሄዳል። ዛሬ በግራ፣ በሚቀጥለው በቀኝ።

ሰምና ቀፎ
የጎፋው ዓይነት ማለት ነው እንግዲህ?

ቀይ አፈር
አይደለም፣ መለየት አለበት። ጎፋ ዞን ገዜ ጎፋ ወረዳ ሐምሌ 15 ቀን 2016 የሆነው ናዳ ነው፤ መሬቱ ውሃ ጠጥቶ ጠጥቶ ከብዶ ተንሸራተተ። እሳት አልነበረበትም። የተቃጠለ መሬት ላይ ግን ነገሩ ግልባጩ ነው፦ መሬቱ ውሃ ስለማይጠጣ ነው ጎርፉ የሚነሳው። ስለዚህ ቀናት የዘለቀ ዝናብ አያስፈልገውም፣ ሩብ ሰዓት ይበቃዋል። በካሊፎርኒያ ሞንቴሲቶ ጥር 1 ቀን 2010 (በፈረንጆች ጃንዋሪ 9 ቀን 2018) 23 ሰው የሞተው፣ ከሳምንታት በፊት እሳት ከበላው ተራራ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ተኩል ገደማ በወረደ ጭቃ ነው። ወሳኙ ዝናብ የደቂቃዎች ነበር።

ከጎፋ የሚወሰድ ትምህርት ግን አለ። የመጀመሪያው ናዳ የቀበራቸውን ለማውጣት የሮጡ ሰዎች በሁለተኛው ተቀበሩ። የቦረቦሩ ጎርፍም በዙር በዙር ነው የሚመጣው። አንዱ አለፈ ተብሎ ወደ ቦረቦሩ የሚወርድ ሰው መኖር የለበትም።

ጅሬን በር
ማስጠንቀቂያስ? የሜትሮሎጂ ትንበያ ለዞን ነው፤ ለአንድ ዳገት አይሆንም።

ቱቦና ድልድይ
ትንበያው «ነጎድጓድ የቀላቀለ» ካለ ለሌሊቱ መወሰኛ ይሆናል። ለሰዓቱ ግን የራሳችሁ መለኪያ ያስፈልጋል፤ ያውም ዳገቱ ላይ። ሰፈሩ ደርቆ ጋራው ሲዘንብ ስንቴ ይታያል።

ባለ ሁለት ሊትር ሃይላንድ ይበቃል፣ ጎኑ ለስላሳ የሆነ፣ ቀለበት ቀለበት የሌለው። አንገቱን ቆርጠህ ገልብጠህ እንደ ማንቆርቆሪያ ክተተው። ታቹ ጎርባጣ ስለሆነ ጠጠር ጨምርበት፣ ቀጥ እስከሚልበት ድረስ ውሃ ሙላና እዚያ ዜሮ ብለህ መስመር አስምር። ከዚያ ወደ ላይ የማስመሪያ ሚሊ ሜትር በማርከር። ዛፍና ጣሪያ በሌለበት፣ በችካል ታስሮ ቀጥ ብሎ ይቁም።

በአሜሪካ ለተቃጠለ መሬት የሚባለው፣ ከአንድ ሰዓት ባነሰ ጊዜ 13 ሚሊ ሜትር ገደማ ከዘነበ ደራሽ ጎርፍ ሊነሳ ይችላል ነው። በደቡብ ካሊፎርኒያ ደግሞ በሩብ ሰዓት 6 ሚሊ ሜትር አካባቢ ላይ የጭቃ ጎርፍ ይጠበቃል። የዚያ አገር ቁጥር ነው፤ እንደ መነሻ ያዙትና ክረምቱ ሲገፋ ያያችሁትን እየመዘገባችሁ አስተካክሉት። እኔ ብሆን በሩብ ሰዓት 5 ሚሊ ሜትር ላይ አስጮኻለሁ። ሦስት ጊዜ በከንቱ ቢጮህ ይጩህ።

ግን ይህንንም እወቁ፦ በ20 ሄክታር ተፋሰስ ላይ ከኃይለኛው ዝናብ እስከ ቤቱ ድረስ ያለው ጊዜ አሥር ደቂቃ ላይሞላ ይችላል። ጎርፉ በቀጥ ያለ ቦረቦር በሰዓት 15 ኪሎ ሜትር፣ አንዳንዴም ከ50 በላይ ይነዳል። ስለዚህ ሕፃናት፣ አረጋውያንና በሽተኛ መለኪያውን አይጠብቁም። በትንበያው ቀን ከምሽቱ በፊት ከማራገቢያው ውጭ ወዳለ ዘመድ ቤት ይሄዱና እዚያ ያድራሉ።

ዲኤ ሰቃ
ማስጮኹን በዕድር ማዋቀር ይሻላል፤ ስልክ ኔትወርክ በነጎድጓድ ይጠፋል። ዳገቱ ላይ ካለው ጎጆ ሁለት ተረኛ፣ ፊሽካና ባትሪ። ሰፈር ላይ የመስጊዱ ድምፅ ማጉያ፣ መብራት ከሄደ ደግሞ የተሰቀለ የመኪና ቸርኬ። የፊሽካው ምልክት አንድ ብቻ ይሁን፦ ሳያቋርጥ ማለት ውጡ። ሁለት ሦስት ዓይነት ምልክት ማታ ማንም አያስታውስም።

መውጫው በቦረቦሩ ርዝመት ሳይሆን ወደ ጎን ነው፣ ወደ ከፍታው። መሻገሪያ የሚጠይቅ መውጫ መውጫ አይደለም። በግራ ያለው በግራ፣ በቀኝ ያለው በቀኝ። ከብቶቹ ቀድመው በቀን ይዛወሩ፤ ሰው የሚዘገየው ላም ሊፈታ ብሎ ነው።

ቀይ አፈር
ተረኞቹ የሚያዩትን ልጨምር። ዝናቡ እየወረደ የቦረቦሩ ውሃ በድንገት ከቀነሰ ከላይ በኩል ግንድና ድንጋይ ዘግቶታል ማለት ነው፤ ሊፈነዳ ነው፣ ወዲያው ይጩህ። ውሃው ከጥቁር አመድ ቀለም ወደ ወፍራም ቀይ ሲለወጥም እንደዚያው። የጭነት መኪና ዳገት ላይ የሚያጓራ የሚመስል ድምፅ፣ የመሬት መንቀጥቀጥ፣ የድንጋይ መጋጨት ሲሰማ ደግሞ መጮህ ብቻ ሳይሆን ተረኛውም ራሱን ያድን። ዝናቡ ካቆመ በኋላ ቢያንስ አንድ ሰዓት ሳይሞላ፣ ከጎን ሆኖ ቦረቦሩን ያየ ሰው ሳይፈቅድ፣ ማንም አይመለስ።

ሰምና ቀፎ
በማዳበሪያ ከረጢት አፈር ሞልቶ ቤቱን ማጠርስ?

ቱቦና ድልድይ
ከጉልበት በታች ለሆነ ጭቃማ ውሃ ይረዳል፤ በር ላይ ሁለት ረድፍ፣ እንደ ጡብ እያፈራረቅህ፣ ከረጢቱን ሁለት ሦስተኛ ብቻ ሞልተህ። ድንጋይ ለሚያንከባልል ጎርፍ ምንም አይደለም። አጥርህ ውሃውን ወደ ጎረቤት የሚመራ ከሆነም አስቀድማችሁ ተነጋገሩ፣ ኋላ የቀበሌ ክስ ነው የሚሆነው።

ጅሬን በር
የመጨረሻ ጥያቄ። ሰፈሩ የሚቀዳው ከዳገቱ ግርጌ ካለ ምንጭ ነው።

ዲኤ ሰቃ
ምንጩ ካልተገነባ ከላዩ በኩል ግማሽ ክብ የሆነ መቀልበሻ ቦይ ቆፍሩ፣ ቢያንስ ከ8 እስከ 10 ሜትር ራቅ ብሎ፤ አፈሩን ወደ ታች በኩል ከምሩ። ከመጀመሪያው ዝናብ በፊት ንጹሕ ውሃ በየቤቱ ጀሪካን ተሞልቶ ይቀመጥ። ከዝናብ በኋላ ውሃው ከጠቆረ ወይም ከደፈረሰ አይቀዳም። አማራጭ ከሌለ አስተኝቶ፣ ጥሩውን ከላይ ቀድቶ፣ በወፍራም ነጠላ አጥልሎ፣ ከዚያ ነው ውሃ አጋር (የክሎሪን ውሃ ማከሚያ) የሚጨመረው። አመድ ባለበት ውሃ ላይ ክሎሪኑ አመዱን ሲዋጋ ያልቃል፣ ጀርሙ ይቀራል።